የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሠረታዊ መርሖች እና ዛሬ የገባበት ቀውስ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2024 በተካሄደው የብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ ወግ አጥባቂ ፓርቲ 650 መቀመጫዎች ካሉት የታችኛው ምክር ቤት 121 ብቻ አገኘ። በ2019 ምርጫ 365 መቀመጫዎችን ይዞ ነበር፤ በረጅም ታሪኩም ከዚህ ያነሰ ውጤት ገጥሞት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ስለ ምዕራቡ ዓለም ፖለቲካ በአማርኛ በሚደረገው ውይይት አንድ መምታታት ጎልቶ ይታያል። የብሪታንያ ወግ አጥባቂዎች፣ በናይጀል ፋራጅ የሚመራው ሪፎርም ዩኬ፣ የአሜሪካ ሪፐብሊካኖችና የአህጉረ አውሮፓ ብሔርተኛ ፓርቲዎች «ቀኝ ክንፍ» በሚል አንድ ስም ተጠቅልለው ይቀርባሉ፤ አንዱ ሲሸነፍ የሁሉም አስተሳሰብ እንደተሸነፈ፣ አንዱ ሲያሸንፍም ሁሉም እንዳሸነፉ ይወራል። የብሪታንያው ፓርቲ ግን የራሱ መሠረት አለው፤ ዛሬ ከሪፎርም ዩኬ ጋር የገባበት ፉክክርም ያ መሠረት ካልታወቀ ትርጉሙ አይገባም።

የፓርቲውን መርሖች መደርደር አስቸጋሪ አይደለም፦ የግል ንብረት፣ ዝቅተኛ ግብር፣ ሥልጣኑ የተገደበ መንግሥት፣ የሕግ የበላይነት፣ ቤተሰብ፣ ዘውድ፣ የሀገር አንድነት፣ ጠንካራ መከላከያ። ዝርዝሩ የማይነግረን ግን እነዚህ መርሖች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ፓርቲው የትኛውን እንደሚያስቀድም ነው። የፓርቲው ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ግጭት ታሪክ ነው። በእኔ እይታ ፓርቲውን ለሁለት ምዕተ ዓመታት ያህል ያቆየው ከየትኛውም ፖሊሲ ይልቅ ሥልጣንን የያዘበት ጥንቃቄ ነው፤ የአሁኑ ቀውስም የመጣው ያንን ጥንቃቄ የፓርቲው ሰዎች ራሳቸው ስለጣሉት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥንቃቄ የተሞላበት ለውጥ

የፓርቲው ሰዎች ዛሬም የሚጠሩበት «ቶሪ» የሚለው ስም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለዘውዱና ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መብት የቆሙ የምክር ቤት ሰዎች መጠሪያ ነበር። አስተሳሰቡን በሚገባ ያስረዳው ሰው ግን ቶሪ አልነበረም። የአየርላንድ ተወላጁ ኤድመንድ በርክ የቶሪዎች ተቀናቃኝ ከሆኑት ከዊጎች ወገን ሆኖ ሳለ፣ በ1790 የፈረንሳይን አብዮት በመተቸት ያቀረበው ክርክር ኋላ ለወግ አጥባቂዎች ሁሉ መነሻ ሆነ። የክርክሩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ ማኅበረሰብ በሕይወት ባሉት፣ በሞቱትና ገና ባልተወለዱት መካከል ያለ ሽርክና ነው። የአንድ ትውልድ አእምሮ ውስን ስለሆነ፣ ብዙ ትውልድ ያረማቸውን ተቋማት በአንድ ንድፈ ሐሳብ ተመርቶ ከሥራቸው መንቀል አደገኛ ነው። ሆኖም በርክ ለውጥን አልካደም፤ ራሱን ማሻሻል የማይችል መንግሥት ራሱን ማቆየትም እንደማይችል ጽፏል።

ይህን ሐሳብ የፓርቲ አቋም ያደረጉት ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ሮበርት ፒል ናቸው። በ1832 የወጣው ሕግ የመራጩን ቁጥር ሲያሰፋና ሰው አልባ የሆኑ የምርጫ ወረዳዎችን ሲሰርዝ ቶሪዎች አጥብቀው ተቃውመውት ነበር። ፒል ግን በ1834 ለታምዎርዝ መራጮች ባቀረቡት መግለጫ የተላለፈው ሕግ የመጨረሻ ውሳኔ መሆኑን እንደሚቀበሉ፣ በደል መኖሩ የተረጋገጠበትንም አሠራር እንደሚያርሙ፣ ያለ ምክንያት ከሚመጣ ለውጥ ግን እንደሚከላከሉ አስታወቁ። የዘመናዊው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ልደት ብዙውን ጊዜ ከዚህ መግለጫ ይቆጠራል። ከሽንፈት በኋላ ተቃዋሚው የሠራውን ከማፍረስ ይልቅ ተቀብሎ ማስተዳደር ከዚያ በኋላ የፓርቲው ልማድ ሆነ፤ ሌበር ፓርቲ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመሠረተውን ብሔራዊ የጤና አገልግሎትም በ1951 ወደ ሥልጣን ሲመለስ እንዳለ ይዞ ቀጥሏል።

ገበያና ሀገር፦ ያልተፈታው ፍጥጫ

የፓርቲው ትልቁ የውስጥ ግጭት ነጻ ገበያን በሚያስቀድሙትና ሀገራዊ ትስስርን በሚያስቀድሙት መካከል ያለው ነው፤ የጀመረውም ገና በፒል ጊዜ ነው። ከ1815 ጀምሮ በሥራ ላይ የነበሩት የእህል ሕጎች ከውጭ የሚገባውን እህል በመገደብ የሀገር ውስጥ ዋጋ እንዳይወርድ ያደርጉ ነበር። ተጠቃሚዎቹ የፓርቲው የጀርባ አጥንት የነበሩት ባለርስቶች፣ ተጎጂዎቹ ደግሞ ዳቦ ገዝቶ የሚያድረው የከተማ ሕዝብና የፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ። የድንች ሰብል በበሽታ ወድሞ በአየርላንድ ረኀብ ሲገባ ፒል በ1846 ሕጎቹን ለመሻር ወሰኑ። ከራሳቸው የምክር ቤት አባላት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተቃወሟቸው፤ ሕጉ የተላለፈው በተቃዋሚዎች ድምፅ ነው፣ ፒልም ወዲያው ከሥልጣን ወረዱ። ፓርቲው ተሰንጥቆ እስከ 1874 ድረስ በምክር ቤቱ አብላጫ ሳያገኝ ቆየ።

በፒል ላይ የተነሣውን ተቃውሞ በንግግር ችሎታቸው የመሩት ቤንጃሚን ዲዝሬሊ ኋላ ለፓርቲው ሁለተኛውን መሠረት ጣሉ። በ1845 ባሳተሙት ልብ ወለድ ሀብታሞችና ድሆች አንዳቸው የሌላውን ኑሮ የማያውቁ ሁለት ሕዝቦች ሆነዋል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ «የአንድ ሕዝብ ወግ አጥባቂነት» የሚባለው አዝማሚያ ከዚህ ይመነጫል። በ1867 ለብዙ የከተማ ሠራተኞች የመምረጥ መብት የሰጠው ሕግ በእሳቸው መሪነት ጸደቀ፤ በ1875 ደግሞ መንግሥታቸው የሕዝብ ጤና አጠባበቅንና የሠራተኛ ማኅበራትን መብት የሚመለከቱ ሕጎችን አወጣ። በዚህ አዝማሚያ መሠረት ባለሀብቱ ባለበት ደረጃ ላይ ኃላፊነት አለበት፣ መንግሥትም ድሃውን በሥርዓቱ ውስጥ ድርሻ እንዲኖረው የማድረግ ግዴታ አለበት። ሃሮልድ ማክሚላን የቤቶች ሚኒስትር በነበሩበት በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዓመት 300 ሺህ ቤት ለመሥራት የተገባውን ቃል የፈጸሙት ይህንኑ መንገድ ተከትለው ነው።

ማርጋሬት ታቸር ሚዛኑን ወደ ሌላው ጎን አዞሩት። በ1979 ሥልጣን ሲይዙ የዋጋ ንረቱ ከፍተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኃይል ጠንካራ፣ የመንግሥት ድርጅቶችም ኪሳራ የበዛባቸው ነበሩ። መንግሥታቸው መጀመሪያ ላይ የተመራበት ሞኒታሪዝም የሚባለው የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ነው፤ ይኸውም የዋጋ ንረትን ማቆም የሚቻለው በኢኮኖሚው ውስጥ የሚዘዋወረውን ገንዘብ መጠን በመቆጣጠር ነው ይላል። ከፍተኛው የገቢ ግብር ምጣኔ ከ83 በመቶ በመጀመሪያ ወደ 60፣ በ1988 ወደ 40 በመቶ ወረደ። የቴሌኮሙ ድርጅት በ1984፣ የጋዙ ድርጅት በ1986 አክሲዮናቸው ለሕዝብ ተሸጠ። በ1980 የወጣው ሕግ ደግሞ በማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ቤቱን በቅናሽ ዋጋ የመግዛት መብት ሰጣቸው። የመጨረሻው እርምጃ ሁለቱን አዝማሚያዎች የሚያገናኝ ነበር፤ ምክንያቱም ኑኤል ስኬልተን የተባሉ የፓርቲው ሰው በ1923 ያነሡትን «ባለንብረቶች የሚገነቡት ዴሞክራሲ» የሚል የቆየ ሐሳብ በተግባር ያዋለ ነው። የራሱ ቤት ያለው ሰው በሀገሩ ጸጥታና በሕጉ ጽናት ላይ የራሱ ጥቅም ይኖረዋል ተብሎ ይታመን ነበር።

የታቸር ደጋፊዎች ብሪታንያን ከውድቀት አድነዋታል ይላሉ፤ የዋጋ ንረቱ መርገቡና የግሉ ዘርፍ መነቃቃቱ ለዚህ ማስረጃቸው ነው። ተቺዎቹ በ1982 ከ3 ሚሊዮን በላይ የደረሰውን የሥራ አጥ ቁጥርና የማዕድን ማውጫዎች ሲዘጉ የተበተኑትን የሰሜን እንግሊዝ፣ የዌልስና የስኮትላንድ ከተሞች ያነሣሉ። ከወግ አጥባቂነት አንጻር ሲታይ የሁለተኛው ወገን ክርክር ከኢኮኖሚ ያለፈ ክብደት አለው። ጠንካራ ቤተሰብ፣ የሰፈር ማኅበርና ቤተ ክርስቲያን የኑሮ መሠረት ናቸው የሚል ፓርቲ፣ እነዚህ የቆሙበት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ምትክ ካላዘጋጀ የሚጠብቀውን ነገር በራሱ እጅ እየሸረሸረ ነው። የተሸጡት የማዘጋጃ ቤት ቤቶች በበቂ ቁጥር አለመተካታቸውም ዛሬ ወጣቱ ትውልድ ቤት መግዛት እንዲያቅተው ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ባለንብረት ያልሆነ ወጣት ደግሞ ለወግ አጥባቂዎች ድምፅ የመስጠት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ተቋማትን የመጠበቅ ቃል

የፓርቲው ሙሉ ስም «የወግ አጥባቂና የአንድነት ፓርቲ» ነው። የስሙ ሁለተኛ ክፍል የመጣው አየርላንድ ከታላቋ ብሪታንያ ጋር ያላትን ኅብረት ለማስጠበቅ ከሊበራሎች ተገንጥለው ከወጡት ጋር በ1912 ከተደረገው ውህደት ነው። ዘውዱ፣ ምክር ቤቱ፣ ነጻ ዳኝነትና የአራቱ ሀገሮች (የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ) ኅብረት ለፓርቲው ከዕለት ፖሊሲ በላይ ናቸው ተብሎ ሲነገር ኖሯል። ብሪታንያ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት ስለሌላት ብዙ ነገር የሚጠበቀው በልማድና በራስ ገደብ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ሥርዓት ደግሞ ልማዱን የሚያከብር ገዥ ፓርቲ ከሌለው የሚቆምበት የለውም።

ከ2016 በኋላ የተፈጸሙት ነገሮች ከባድ የሆኑት ለዚህ ነው። በዚያ ዓመት ጁን 23 ቀን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ወሰነ። ሕዝበ ውሳኔውን የጠሩት ዴቪድ ካሜሮን በኅብረቱ የመቆየት ደጋፊ ነበሩ፤ ሀገሪቱን ወደ አውሮፓ ማኅበረሰብ በ1973 ያስገባውም የወግ አጥባቂዎች መንግሥት ነው። ውሳኔውን ለማስፈጸም በተደረገው ትግል ቦሪስ ጆንሰን በ2019 ምክር ቤቱ ለአምስት ሳምንታት እንዲዘጋ አደረጉ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 11 ዳኞችም ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ፈረዱ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የመንግሥታቸውን አቋም የተቃወሙ 21 የምክር ቤት አባላት፣ የዊንስተን ቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስን ጨምሮ፣ ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ተባረሩ። ደጋፊዎቻቸው ሕዝብ የወሰነውን ምክር ቤቱ እያደናቀፈ ስለነበር ሌላ አማራጭ አልነበረም ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ነገር ግን የሕዝብን ፈቃድ በተቋማት ላይ አስቀድሞ መናገር የሕዝበኞች ቋንቋ ነው። ሕዝበኝነት ስንል «እውነተኛው ሕዝብ» በአንድ በኩል፣ «ብልሹ ልሂቃን» በሌላ በኩል ቆመዋል ብሎ የሚያምነውንና በመካከላቸው ያሉትን ዳኞች፣ የምክር ቤት አባላትና ባለሙያዎች እንደ እንቅፋት የሚያየውን አካሄድ ማለታችን ነው።

ሁለተኛው ስብራት በሴፕቴምበር 2022 ደረሰ። ሊዝ ትረስ ሥልጣን በያዙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መንግሥታቸው 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚገመት የግብር ቅነሳ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚተካ ሳይገልጽ አስታወቀ። ነጻው የበጀት ተመልካች መሥሪያ ቤት ትንበያውን ይዞ እንዲቀርብም አልተደረገም፤ ይህንን መሥሪያ ቤት በ2010 ያቋቋሙት ግን የራሱ የፓርቲው የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦዝቦርን ነበሩ። አበዳሪዎች ለብሪታንያ መንግሥት ቦንድ የሚጠይቁት ወለድ በድንገት አሻቀበ፤ የጡረታ ፈንዶች አደጋ ላይ ወደቁና የእንግሊዝ ባንክ ጣልቃ ለመግባት ተገደደ፤ የቤት ብድር ወለድም ናረ። ዝቅተኛ ግብር የፓርቲው መርሕ መሆኑ አያከራክርም። የመንግሥትን ሒሳብ በጥንቃቄ መያዝም እንዲሁ መርሑ ነው፤ ትረስ የመጀመሪያውን ለማስፈጸም ሁለተኛውን አፈረሱ። ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሥልጣን ለቀቁ፣ በ2024ም የራሳቸውን መቀመጫ አጡ። እንደሚመስለኝ ከሁሉም በላይ ፓርቲውን የጎዳው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የማይወዱት መራጮች እንኳ «ገንዘብ መያዝ ያውቃሉ» ይሉለት የነበረውን ስም አሳጥቶታል።

ስደትና ሉዓላዊነት

ድንበርን መቆጣጠር የሉዓላዊነት መገለጫ ነው የሚለው አቋም በፓርቲው ዘንድ የቆየ ነው። በ2019 የምርጫ ሰነዱ ወደ ሀገሪቱ የሚገባው ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ ቃል ገብቶ ነበር። ከብሬግዚት (ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከመውጣቷ) በኋላ የወጣው የቪዛ ሥርዓት ግን ለተማሪዎች፣ ለጤናና ለእንክብካቤ ሠራተኞች በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተ፤ ከዩክሬንና ከሆንግ ኮንግ የመጡት ሲጨመሩ በ2023 ወደ ሀገሪቱ በገቡትና ከሀገሪቱ በወጡት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት በዓመት ከ900 ሺህ በላይ ደረሰ። እዚህም የሁለቱ መርሖች ግጭት ነው የሚታየው፦ ገበያው ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ድንበሩ ጥበቃ ይፈልጋል።

መንግሥቱ ትኩረቱን በጀልባ የሚገቡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ አደረገ። በኤፕሪል 2022 ይፋ የሆነውና ሰዎቹን ወደ ሩዋንዳ ለመላክ የታቀደው መርሐ ግብር፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ በሊቢያና በፈረንሳይ አድርገው የሚመጡትንም የሚመለከት ስለነበር በለንደን ባሉ የአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ብዙ ሥጋት ፈጥሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2023 ዕቅዱ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ፤ ምክር ቤቱ በ2024 ሩዋንዳ ደኅንነቷ የተጠበቀ ሀገር ናት የሚል ሕግ ቢያወጣም ያለ ፈቃዱ የተላከ ሰው ሳይኖር ሌበር ሥልጣን ሲይዝ ዕቅዱ ተሰረዘ። አንድ ፍርድ ቤት ማስረጃ መርምሮ የደረሰበትን ድምዳሜ በሕግ መገልበጥ፣ የሕግ የበላይነትን ከመርሖቹ ለሚቆጥር ፓርቲ ቀላል ነገር አይደለም።

የውጭ ፖለቲካው፦ ኢትዮጵያ የምታውቀው ገጽታ

በውጭ ጉዳይ ፓርቲው የሚታወቀው ብሔራዊ ጥቅምን በማስቀደም ነው። የመቅደላ ዘመቻ በ1867 በሎርድ ደርቢ መንግሥት ተጀምሮ በኤፕሪል 1868 በዲዝሬሊ ጊዜ ተጠናቀቀ፤ ሁለቱም የወግ አጥባቂዎች መንግሥታት ነበሩ። ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ግን የ1935ቱ ነው። በስታንሊ ቦልድዊን የሚመራውና ወግ አጥባቂዎች የሚበዙበት የጥምር መንግሥት በኖቬምበር ምርጫ የመንግሥታቱን ማኅበር እንደሚደግፍ ቃል ገብቶ አሸነፈ። በቀጣዩ ወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋር ሰፊ የኢትዮጵያ ግዛት ለጣልያን የሚሰጥ ዕቅድ መስማማታቸው ሾልኮ ወጣ። የብሪታንያ ሕዝብ፣ የፓርቲው የራሱ አባላት ጭምር፣ በቁጣ ተነሥቶ ሆር ሥልጣን ለቀቁ። ሆኖም በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ በ1936 ተነሣ፣ ወረራውም በ1938 እውቅና አገኘ። ኢትዮጵያን ለመሠዋት ያቀረቡት ምክንያት ሙሶሊኒን ከሂትለር መነጠል ነበር፤ የተሠዋችው ሀገር ስትጎዳ፣ የታሰበው ጥቅምም ሳይገኝ ቀርቷል። በ1941 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በለንደን ሥልጣን ላይ የነበሩት የማባበሉን ፖለቲካ ሲቃወሙ የቆዩት ወግ አጥባቂው ቸርችል ነበሩ።

ሽንፈቱን የሚተረጉሙ ሁለት ወገኖች

የ2024ቱን ሽንፈት በተመለከተ በፓርቲው ውስጥ ሁለት ትርጓሜ አለ። አንደኛው ወገን ፓርቲው የተሸነፈው ወግ አጥባቂ መሆኑን ስላቆመ ነው ይላል፦ ግብሩን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ወዲህ ወዳልታየ ደረጃ አደረሰ፣ ስደተኛውን አበዛ፣ ስለዚህ ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ወደ ሪፎርም ዩኬ ሄደ። ሌላኛው ወገን በደቡብ እንግሊዝ ባለሀብት በሚበዛባቸው ወረዳዎች መቀመጫዎቹ የተወሰዱት በሊበራል ዴሞክራቶች መሆኑን ያሳያል፤ እነሱ 72 መቀመጫ ያገኙት ሥርዓትና ሰከን ያለ አስተዳደር የሚፈልገው መራጭ ስለሸሸ ነው ይላል።

የምርጫ ሥርዓቱ ሁለቱንም በከፊል እውነት ያደርጋቸዋል። በኢትዮጵያም እንዳለው ሁሉ በብሪታንያ በየወረዳው ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ዕጩ ብቻ ያልፋል፤ ስለዚህ በሁለት በኩል የሚሸረሸር ፓርቲ ከድምፁ መቀነስ በላይ መቀመጫ ያጣል። የወግ አጥባቂዎች ድምፅ ከ43.6 ወደ 23.7 በመቶ ወረደ፤ ሌበርም በ33.7 በመቶ ብቻ ከፍተኛ አብላጫ ያዘ። ሁለቱም ወገኖች የሚዘሉት ግን ወደ ቀኝ የሄደውም ሆነ ወደ መሃል የሄደው መራጭ አንድ ቅሬታ የሚጋራ መሆኑን ነው፤ ያሉትን አልፈጸሙም፣ የፈጸሙትንም በአግባቡ አልያዙም የሚል ቅሬታ ነው።

ከዚህ በኋላ

በኖቬምበር 2024 የፓርቲው መሪ ሆነው የተመረጡት ኬሚ ባደኖክ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለዱ ናቸው፤ ፓርቲው በመርሖቹ የሚስማማውን ሰው ከየትም ይምጣ ለመሪነት ማብቃቱ ከዲዝሬሊና ከታቸር ጀምሮ የታየ ነው። በሜይ 2025 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ሪፎርም ዩኬ ብዙ ምክር ቤቶችን ከወግ አጥባቂዎች ነጠቀ፤ በኦክቶበር ፓርቲው ሥልጣን ቢይዝ ሀገሪቱን ከአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት እንደሚያስወጣና የ2008ቱን የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ እንደሚሽር አስታወቀ። የሁለቱም ውሳኔዎች ፍላጎት ወደ ፋራጅ የሄደውን መራጭ መመለስ ነው፤ ሁለቱም ግን ፓርቲው ከራሱ ታሪክ ጋር እንዲጋጭ ያደርጉታል። በ1989 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ አየር ንብረት አደጋ የተናገሩት ታቸር ነበሩ። የ1950ውን የሰብአዊ መብቶች ስምምነት ካረቀቁት ዋና ሰዎች አንዱም ወግ አጥባቂው የሕግ ባለሙያ ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ ናቸው።

ከባዱ ጥያቄ ያለው በሰሜን አየርላንድ ነው። የ1998ቱ የቤልፋስት የሰላም ስምምነት ያንን የመብቶች ስምምነት የግዛቲቱ ሕግ አካል ማድረግን ከዋስትናዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። የፓርቲው መሪዎች ከስምምነቱ መውጣት ከቤልፋስቱ ሰነድ ጋር አይጋጭም ይላሉ፤ የአየርላንድ መንግሥትና ብዙ የሕግ ባለሙያዎች ይህንን አይቀበሉም። እንደ ወግ አጥባቂ ልማድ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ከደብሊንና ከቤልፋስት ወገኖች ጋር ተነጋግሮ ምትክ ዋስትና ማበጀት፣ ከዚያ በኋላ መውጣቱን ማወጅ ይገባ ነበር። ቀጣዩ ጠቅላላ ምርጫ እስከ ኦገስት 2029 ሊቆይ ስለሚችል ፓርቲው ለዚህ ሥራ ጊዜ አለው፤ ጊዜውን ካልተጠቀመበት ግን ሉዓላዊነትን ለማስከበር ያወጣው ፖሊሲ በስሙ ውስጥ የጻፈውን አንድነት የሚፈትን ይሆናል።